በአገዳ ነዳጅ የተኬደ ሽምግልና

ዓመቱን አትጠይቁኝ። በዚህ ዕድሜዬ «ነበር» የምትለዋን ቃል እንኳ ያለ ዋስ መጠቀም አልደፍርም። ዋሴ ባለቤቴ አስካለ ናት፤ የምጽፈውን ከኋላዬ ቆማ ታነባለች፣ ያልሆነ ነገር ስታይም ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ ወይ እውነት ነው፣ ወይ አስካለ ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር።

ብቻ ባቡሩ ገና በአቃቂ የሚያልፍበት፣ ቤንዚንም በኩፖን የሚታደልበት ዘመን እንደ ነበር እርግጠኛ ነኝ። የሰፈራችን ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በባቡሩ ጩኸት ነበር፤ ባቡሩ ደግሞ በሰዓቱ መጥቶ ስለማያውቅ ሁላችንም በአንድነት እናረፍድ ነበር። በአንድነት ያረፈደ ሰው እንዳረፈደ አይቆጠርም።

አንዲት ሰይቼንቶ ነበረችኝ። ላላወቋት ወጣት አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የነዳጅ ጋኗ ከፊት፣ ተሳፋሪው በመካከል ተጣጥፎ የሚቀመጥባት ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። የኩፖኑ ቤንዚን ቶሎ ስለሚያልቅ ከወሩ አብዛኛውን በግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ታሳልፈዋለች። በመጨረሻም አንዲት ዶሮ የኋላ መቀመጫዋን ለእንቁላል መጣያ መረጠችው፤ እኔም መስኮቱን ከፍቼ ተውኩላት። ከሁለቱ አንዷ እንኳ ሥራ ትሥራ ብዬ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሙያ የኬሚስትሪ መምህርነት ነው። ባሕር ማዶ ሄጄ ያጠናሁት ግንድን፣ አገዳንና ገለባን ወደ ነዳጅ፣ ወደ ሙጫ፣ ወደ ክርና ወደ መድኃኒት ቅመም ስለ መለወጥ ነው። ይህን ለሰው ስነግር «ደግ ነው፤ ግን ሥራህ ምንድን ነው?» ይለኛል። እኔ ግን በትምህርቴ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ከምድር ሆድ የሚቀዳው ነዳጅ ራሱ ከብዙ ዘመን በፊት የተቀበረ ሕያው ነገር ነው። ምድር ያን ያህል ዘመን ታግሣ ያበሰለችውን፣ የተማረ ሰው በአንድ በጋ ማድረስ አይሳነውም ብዬ አሰብኩ። ምድር ግን ባለቤት እንደሌላት ዘነጋሁ። ማለቴ፣ «ምን እየሠራህ ነው? ድስቴን መልስ» የሚላት የለም።

የጀመርኩት በሰጋቱራ ነበር። ከጣቢያው አጠገብ ካለው አናጢ አንድ ጆንያ አምጥቼ በባትሪ አሲድ ቀቀልኩት። መጽሐፉ እንደሚለው እንጨት በአሲድ ሲቀቀል ስኳር ይወጣዋል። በእርግጥም ከአንድ ጆንያ ሰጋቱራ አንድ ሲኒ የማይሞላ ጣፋጭ ነገር አገኘሁ፤ ከአንዱ ሱሪዬ ደግሞ ወንፊት። ከድስቱ ሥር የቀረውን ጥቁር አተላ ስመረምረው ሙጫ መሆኑን ደረስኩበት። የደረስኩበት የአስካለ ማማሰያ ከድስቱ አልላቀቅ ባለ ጊዜ ነው። ሁለቱ ዛሬም አልተለያዩም፤ በአንድ ምስማር ላይ ተሰቅለው ይኖራሉ። (አሁን ጉሮሮ ተጠረገ። ምስማሩ ሁለት ነው ትላለች።)

ከዚያ ወደ በቆሎ አገዳ ተሸጋገርኩ። ከሰፈራችን በስተጀርባ ያሉት ገበሬዎች እሸቱን ከሸጡ በኋላ አገዳውን ለከብት ይተዉታል። ገና እርጥብ ሳለ ሰብስቤ፣ ጨምቄ፣ ለከብት መኖ የሚሸጠውን የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ጨመርኩበትና በበርሜል ጠነሰስኩት። ሲፈላ በመዳብ ቱቦ አወጣሁት፤ ደግሜም አወጣሁት፤ የቀረውን ውኃ ያልጠፋ ኖራ እንዲመጥጠው አደረግሁ። በማንኪያ ለኮስኩት፤ በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ሠርቶልኛል።

አስካለ ብቅ ብላ አሸተተችና «ይኼማ አረቄ ነው» አለች።

«ኤታኖል ነው» አልኳት።

«ጎረቤት ሲሸተው ኤታኖል ነው ይላል?»

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ ብዙም ክብደት አልሰጠሁትም። የሰይቼንቶዋን ካርቡራተር ቀዳዳ በመርፌ አሰፋሁ፤ አልኮል በብዛት ካልገባ አይበቃምና። ዶሮዋንም ይቅርታ ጠይቄ አስወጣኋት። መኪናዋ ተነሣች፤ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍም ሄደች። የጭስ ማውጫዋ የሚተነፍሰው ሽታ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የበዓል ማግስት ሽታ ነበር። እኔ ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ መጠጥ በአፌ የማይዞር፣ በሠርግ ቤት እንኳ ብርሌ ሲቀርብልኝ እጄን በላዩ የምከድን ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእህቴ ልጅ ጌታነህ በእኛ ቤት ያደገ፣ በክር ፋብሪካው የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ቃሊቲ ያለች ውብነሽ የምትባል ልጅ ወደደ። መውደዱን ያወቅነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ሲያስተኩስ ነው። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ መኩሪያ የእህል መጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ታላቅ ወንድማቸውን አረቄ ያሳጣቸው ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ «አረቄ ከሚሸትበት ቤት ልጄ እሳት አትጭርም» ብለው መማላቸውን አቃቂም ቃሊቲም ያውቃል። በላዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰማን። እኛ በዚህ እሑድ ካልተሳካልን ጌታነህ ሸሚዙን የሚያስተኩስለት ሰው አይኖረውም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን። አንደኛው እኔ፣ ንግግር ያውቃል ተብዬ። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ፤ እርሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛው አቶ ደምሴ፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፤ ይህንንም ዓለም የሚያየው ትኬት ያለውና ትኬት የሌለው ብሎ ነው።

«በታክሲ ሂዱ» አለች አስካለ።

«አባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ተጋፍተው አይሳፈሩም።»

«ታዲያ ቀድማችሁ ጋሪ ያዙ።»

«መኪና እያለን?»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው» አለችና ለእሑድ ልታሰናዳላቸው የተቀበለችውን የአባን ካባ ማራገፍ ጀመረች።

ሽማግሌ በማለዳ ነው የሚሄደው፤ የልጅቷ አባት ከቤት ሳይወጡ ለመድረስ። ማለዳው ደግሞ የታኅሣሥ ማለዳ ነበር። አልኮል በብርድ አይተንም፤ ይህን ከማንም የበለጠ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀድሜ ቆጥቤ ያስቀመጥኳትን አንድ ብልቃጥ ቤንዚን ካርቡራተሩ ላይ አንጠብጥቤ አስነሣኋት። ብልቃጡ አለቀ። ከሞቀች በኋላ ምን ያስፈልጋታል ብዬ ነው። አባ ከፊት ተቀመጡ፤ ደምሴ ከኋላ፣ ምናልባት ቢያልቅብን ብዬ የያዝኩትን የነዳጅ ጀሪካን ታቅፎ።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ክዳኑ ጥብቅ ነው?» አለኝ።

«በሚገባ» አልኩት። በሚገባ አልነበረም።

እስከ ባቡሩ ሐዲድ ድረስ ደኅና ሄድን። ሐዲዱ ላይ ስንወጣ ግን ሰይቼንቶዋ አንድ ጊዜ ሳል አለች፣ ሁለተኛ ሳል አለች፣ ከዚያም ልክ የፊት ጎማዎቿ ተሻግረው የኋላዎቹ ሳይሻገሩ ዝም አለች። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። አልኮል ጋኑ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተጋገረውን ቆሻሻ ሁሉ አጥቦ ወደ ቱቦው ልኮታል። በሳይንስ ቋንቋ አልኮል ጥሩ አሟሚ ነው እንላለን። በሐዲድ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት ከሩቅ ባቡሩ ጮኸ።

አባ ተክሌ አማተቡ። ደምሴ ግን ረጋ ብሎ «የድሬዳዋው ነው» አለ። «በዚህ ሰዓት መምጣት የለበትም።»

«ደምሴ፣ እየመጣ ነው።»

«እኔ የምልህ በፕሮግራሙ የለም ነው።»

«በፕሮግራሙ ባይኖርም በሐዲዱ አለ፤ ውረድ!» አሉ አባ። በሕይወቴ ያን ያህል ጮክ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወርደን ገፋን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባ ከሁላችን በላይ ገፉ፤ ጥምጣማቸው ተፈታ። ደምሴ ጀሪካኑን ለማስቀመጥ ጊዜ ስላላገኘ በአንድ እጁ እየገፋ በሌላው ይዞት ነበር፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግማሹ በነጭ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን አቁሞ ሲያየን ቆየና «አባቶች፣ ምን አጠጥታችኋት ነው?» አለን። ጥያቄው ከመጠን በላይ ትክክል ነበር።

ባቡሩ ከኋላችን አለፈ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ የተናገረውን፣ አባ ባሉበት የተነገረ ስለሆነ፣ አልጽፈውም።

አሁን ቱቦውን መክፈት ነበረብኝ። የተዘጋ የነዳጅ ቱቦ በአፍ ተስቦ ነው የሚከፈተው። አጥብቄ ሳብኩት። መጀመሪያ ምንም አልመጣም፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ልዩነት እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ አልጠጣሁም፤ ዋጥኩ። በዕድሜዬ ሙሉ አንድ ብርሌ ጠጅ ያልቀመስኩ ሰው ሁለት ጊዜ የተነጠረ ንጹሕ አልኮል አንድ ጉንጭ ሙሉ በባዶ ሆድ ዋጥኩ። ዐይኔ አነባ፣ ጆሮዬ ጋለ፣ ከዚያም ሰማዩ ደስ የሚል መሰለኝ።

መኪናዋ ገና ሙቅ ስለ ነበረች ተነሣች፤ የጎማ ቱቦው ግን በአልኮሉ ላልቶ ኖሮ ከወለሉ ሥር እያንጠባጠበ ቃሊቲ ድረስ አጠነን። መስኮቱን ብንከፍት ብርድ፣ ብንዘጋ ጠላ ቤት። ደምሴ ሳይጠየቅ ያንጎራጉር ጀመር።

«ደምሴ፣ ምን ሆንህ?» አሉ አባ።

«ምንም። ለካ መንገዱ አምሮበታል።»

ባህሉን ለማታውቁ፦ ሽማግሌ የልጅቷ አባት ደጅ ደርሶ ቆሞ ነው ጥያቄውን የሚያቀርበው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሉትም ጉዳዩ ካልተሰማለት አይቀመጥም። አባትየውም ክብራቸውን ለማሳየት ትንሽ ያቆሙታል። አቶ መኩሪያ ትንሽ ሳይሆን ብዙ አቆሙን። በብርዱ ስንቆም እኛም ቀዘቀዝን፤ ከበሩ ውጭ ያቆምናት ሰይቼንቶም ቀዘቀዘች። የኋለኛውን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

በመጨረሻ ወጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን ለጌጥ እንጂ ለድጋፍ የማይዙ ሰው ናቸው። «እንደምን አደራችሁ፣ አባቶች» አሉና እኛ ስንጎነበስ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ደምሴን አዩ፤ ጋቢው ረጥቦ ይሸታል። ከዚያ አባን አዩ፤ ፊታቸው ቀልቷል፣ ጥምጣማቸው ወደ አንድ ጆሮ አዘንብሏል። ከዚያ እኔን። እኔ እየሣቅሁ ነበር። ለምን እንደ ሣቅሁ አላውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የተናገርኩትን በደንብ አላስታውስም። ደምሴ ለአስካለ እንደ ነገራት ከሆነ «ልጅዎን ለልጃችን» ብዬ የጀመርኩት ንግግር ሳይታሰብ ወደ በቆሎ አገዳ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ሰጋቱራ ተሻግሮ፣ ለወደፊቱ ዓለም ሁሉ በአገዳ እንደሚኖር በማብሰር ነው ያበቃው። የጌታነህ ስም በመካከሉ አንድ ጊዜ ተነሥቷል አሉ።

አቶ መኩሪያ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ጠጥታችሁ ነው የመጣችሁት?» አሉ።

«እኛ አልጠጣንም፣ ጌታዬ» አልኩ። «መኪናዋ ናት።»

«መኪናዋ ትጠጣለች?»

«አዎን፣ ጌታዬ። በቀን በቀን።»

«እናንተስ?»

«እኔ ዋጥኩ» አልኩ፤ እውነተኛ ሰው ነኝና።

አባ ተክሌ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ መኩሪያ፣ እኔ እስካሁን ውኃም አልቀመስኩ። በመስቀሉ እነግርሃለሁ፣ ሽታው የነዳጁ ነው።»

«አባ፣ እርስዎን አምናለሁ። ነገር ግን ወንድሜ በየማታው ሲገባ አንድ ሰበብ ነበረው፤ አንዳንዴ መድኃኒት ነው ይል ነበር፣ አንዳንዴ ልብሴ ላይ ፈሰሰ ይል ነበር። መኪናዬ ጠጥታ ነው ሲል ግን አልሰማሁትም።» ከዘራቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «በሉ መኪናዋ የምትጠጣ ከሆነ በፊቴ አስነሧት። ከተነሣች አምናችኋለሁ። ካልተነሣች ግን ዳግም ወደዚህ ደጅ መምጣት የለም፤ ልጅ የለውም በሉ።»

ወጣን። በአንድ ቁልፍ ላይ የአንድ ልጅ ትዳር ተንጠልጥሎ ሲታይ ስካር ይበርዳል፤ እኔ በሙሉ ልቦናዬ ተመለስኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አቃሰተ፣ አቃሰተ፣ ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩ። እንደ በረደው ሰው ተንቀጠቀጠች እንጂ አልተነሣችም። ሰበቡን አውቀዋለሁ፤ አልኮሉ በርዶታል፣ አይተንም፣ ብልቃጧም ባዶ ናት። ካርቡራተሩ ካልሞቀ የተማረ ሁሉ ቢሰበሰብ አይረዳም።

«የፈላ ውኃ ቢገኝ...» አልኩ።

«በዚህ ቤት ለአረቄ የሚፈላ ውኃ የለም» አሉ አቶ መኩሪያ።

ደምሴ ጋቢውን ሰብስቦ «እንሂድ፣ መምህር» አለኝ። «ትኬቱ ተመትቷል።» የጌታነህ ፊት በዐይነ ኅሊናዬ መጣ፤ ጠዋት ስንወጣ የመኪናዋን መስታወት ሲወለውል ነበር። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

ያን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ። ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቷ ጓዳ ትቆያለች እንጂ ደጅ አትወጣም፤ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር የታየ አይመስለኝም። ውብነሽ ግን በሁለት እጇ የሚያጨስ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ በእኛ መካከል አልፋ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደች።

«በዚያ አይደለም፣ ልጄ፤ ሞተሯ በኋላ ነው» አልኳት።

ዞራ መጣች። «የት ላይ ነው የሚፈሰው፣ ጋሼ?»

ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋት። አፈሰሰች፤ እንፋሎቱ ሁለታችንንም ሸፈነን። አንዱ አልበቃም። ወደ ቤት ገብታ ሁለተኛ አመጣች፤ ከዚያ ድስት አመጣች፤ ከዚያ ገና ለብ ያለውን በባልዲ አመጣች። አቶ መኩሪያ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ከዘራው ለድጋፍ ሲሆን ያየሁት።

ቁልፉን አዞርኩ። ሰይቼንቶዋ አሳለች፣ አነጠሰች፣ ግቢውን የሚያናውጥ ተኩስ ተኮሰች፣ ተነሣችም። ከጭስ ማውጫዋ የበዓል ማግስት ሽታ እየተንቦለቦለ ወጣ። አቶ መኩሪያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ከጭሱ አሸተቱ። ቀና ሲሉ ዐይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ ጭሱ ይሁን ሌላ ነገር ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

«እውነትም እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ውኃ ይህን ያህል ቶሎ አይፈላም፣ ውብነሽ። መቼ ነው የጣድሽው?»

«አባቶች ደጅ ሲቆሙ ነው፣ አባዬ።»

«ለምን?»

ነጠላዋን አስተካከለች፤ መሬት መሬት እያየችም «ይቀመጣሉ ብዬ ነዋ» አለች።

ሰይቼንቶዋ ብቻዋን ታጉረመርም ነበር። አቶ መኩሪያ እሷን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። እኔ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ አንድ ሰው ሲሸነፍ ያን ያህል ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፤ «ግቡና ተቀመጡ።»

ደምሴ ከሁላችን ቀድሞ ገባ። አባ ጥምጣማቸውን አስተካክለው መረቁ፤ ምርቃቱ ውስጥ ጌታነህም ውብነሽም አሉበት፣ አንድ ቦታ ላይም አገዳ የሚል ቃል የሰማሁ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ግን ያን ቀን የሚታመን አልነበረም። ከአግዳሚው ላይ በተርታ ተቀመጥን። አቶ መኩሪያም ከፊታችን ቆመው፣ የቤት ጌታ ወጉ ነውና፣ «ምን ይቅረብላችሁ?» አሉን።

ሦስታችንም ሳንመካከር በአንድ አፍ «ውኃ» አልን።

ውብነሽ ወደ ጓዳ ገባች፤ ወዲያውም ባዶ እንስራ ታቅፋ ወጣች። የቤቱ ውኃ ሁሉ በሞተሩ ላይ ፈስሶ አልቆ ኖሮ፣ ሄዳ ከቦኖ ቀድታ እስክትመለስ ድረስ ዐማቾቹ ሁሉ በደረቅ ጉሮሮ ተቀምጠን ጠበቅናት።